«ናፍቆቴ እምነት ማጣት ነውን?»

«ታናሽ እኅት፣ ከደሴ» ብለሽ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም ጉዳዩን እንዲረዱት አስቀድሜ በአጭሩ ልድገመው። እንደ እናትም እንደ ጓደኛም ሆና ያሳደገችሽ ታላቅ እኅትሽ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ሪያድ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የሄደች ዕለት ገና ሳይነጋ ሰኞ ገበያ ካለው ቤታችሁ እስከ መናኸሪያው ሸኝተሻታል፤ ከመሳፈሯ በፊት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአንገቷ ወርዶ የማያውቀውን ማተቧን ፈትታ በመዳፍሽ አስቀመጠችና «እስክመለስ አንቺ ያዥልኝ» አለችሽ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ አሁን ግን ወር በወር ላይ ይደረባል፤ ስትደውልም «ደኅና ነኝ፤ እማዬ እንዴት ናት? ብሩ ደረሰ ወይ?» ብላ ትዘጋለች። መድኃኔዓለም ሄደሽ ዳዊት ስትደግሚ ልብሽ ይረጋል፤ ቤት ገብተሽ አልጋዋን ስታዪ ግን እንባሽ እንደገና ይመጣል። አብራሽ የምትጸልይ ወዳጅሽ ይህን አይታ «እንዲህ የምታለቅሺው እግዚአብሔርን ስለማታምኚው ነው» ስላለችሽ፣ በናፍቆቱ ላይ ጸጸት ተጨመረበት። የምትጠይቂኝም ልቅሶሽ ኃጢአት እንደ ሆነና ጸሎትን እንደ ማስታገሻ ብቻ እየተጠቀምሽበት እንደ ሆነ ነው። በደብዳቤሽ ግርጌ ደግሞ በአንዲት መስመር «አንድ ደላላ በባቲ በኩል ወደ እርስዋ ሊያደርሰኝ እንደሚችል ነግሮኛል» ብለሻል። ወደዚህች መስመር በኋላ እመለሳለሁ።

ከወዳጅሽ ቃል ልጀምር፤ ከናፍቆቱ ይልቅ አሁን እንቅልፍ የሚነሣሽ እርሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። ጌታችን ወደ ቢታንያ የሄደው አልዓዛር ከሞተ በኋላ ነው። ገና ለጉዞው ከመነሣቱ በፊት ሊያስነሣው እንደሚሄድ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ መቃብሩ ዘንድ ምን እንደሚሆን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ የአልዓዛር እኅት ማርያም እግሩ ሥር ወድቃ ስታለቅስ ባየ ጊዜ ስለ እንባዋ አልገሠጻትም። የዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 11 «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል። በዙሪያው የቆሙት ሰዎችም ያን እንባ አይተው «እንዴት ይወደው እንደ ነበረ እዩ» አሉ እንጂ የእምነት ማነስ ምልክት አድርገው አልቆጠሩበትም። ሐዋርያው ጳውሎስም በእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ሌሊትና ቀን በጸሎቱ እንደሚያስበው በተናገረበት አፍ እንባውን እያስታወሰ ሊያየው እንደሚናፍቅ ይነግረዋል። ጸሎቱና ናፍቆቱ የተጻፉት ጎን ለጎን ነው፤ ሐዋርያው አንዱን ለሌላው ሲል አልደበቀም። ወዳጅሽ ክፉ አስባ የተናገረች አይመስለኝም። ሰው የሚወደው ሰው ሲያለቅስ ማየት ስለሚከብደው እንባውን ቶሎ የሚያስቆም ቃል ይፈልጋል፤ ያገኘው ቃል ግን አንዳንድ ጊዜ ይጎዳል። ቂም አትያዢባት፤ ቃሏን ግን ከልብሽ አውጪው።

ስለ ማስታገሻው ያነሣሽው ጥያቄ ከዚህ ይልቅ ጥልቅ ነው፤ ራስሽን እንዲህ መመርመርሽም ደስ አሰኝቶኛል። ሰው በእርግጥ ጸሎትን ሕመሙን ለመርሻ ብቻ ሊያውለው ይችላል። ነገር ግን የአንቺ ጸሎት እንደዚያ መሆን አለመሆኑን የምታውቂበት መንገድ አለ። ዳዊቱን ዘግተሽ ስትነሺ እኅትሽን ረስተሻት ትነሻለሽ ወይስ ይበልጥ አቅርበሻት? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ የምታስቢው «ዛሬ ምን በልታ ይሆን? እግሯን ያማት ነበር፤ እዚያ ቆማ የምትውል ይሆን?» የሚለውን እንደ ሆነ ጽፈሻል። የሚያደነዝዝ ነገር እንዲህ ያለ ሐሳብ አያመጣም። በቅጽሩ ውስጥ ያገኘሽው እረፍት እውነተኛ ነው፤ ቤት ስትገቢ የሚጠብቅሽ እንባም እውነተኛ ነው፤ ሁለተኛው መጣ ማለት የመጀመሪያው ሐሰት ነበረ ማለት አይደለም። ከመድኃኔዓለም ግቢ ቀና ብለሽ የጦሳን ተራራ ስታዪ በእኛ ቍጥር 120ኛውን መዝሙር፣ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለውን ሳታስታውሺ እንደማትቀሪ እገምታለሁ። ያ መዝሙር የመንገደኛ መዝሙር ነው። የሄደው ሰው በዚህ ቀን ይመለሳል ብሎ ቀን አይቈርጥም፤ የሚጠብቀው እንደማያንቀላፋ፣ ፀሐይ በቀን ጨረቃም በሌሊት እንደማይጐዱት፣ መውጣቱና መግባቱ በጠባቂው ዓይን ሥር እንደ ሆነ ይናገራል። ስለዚህ በዚህ መዝሙር ስትጽናኚ የምትጽናኚው የመመለሻዋን ቀን አውቀሽ አይደለም፤ አንቺ ልታያት በማትችይበት ቤት ውስጥ የሚያያት እንዳለ አምነሽ ነው። ይህን እያመኑ መናፈቅ ይቻላል። እንዲያውም የሚያምን ሰው ናፍቆቱን የሚያደርስበት አለው።

ከዚህ ወደ ዝምታዋ እንለፍ፤ ዋናው ሕመምሽ እዚህ ያለ ይመስለኛል። «ረሳችን ይሆን?» የሚለውን በግልጽ አልጻፍሽውም፤ ነገር ግን ከመስመሮቹ መካከል ይሰማል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ስልክ የተቋረጠበትን ጊዜ አስታውሺ። ያን ጊዜ እናንተ እዚህ ነበራችሁ፤ እኅትሽ ሪያድ ሆና ትደውላለች፤ የሚመልስላት የለም። እናንተ ግን አልረሳችኋትም ነበር፤ ድምፃችሁን የምታደርሱበት መንገድ ስላልነበራችሁ ብቻ ዝም አላችሁ። እኔ በምኖርባት ኮምቦልቻም መስመሩ ሲከፈት በየቤቱ መጀመሪያ የጮኹት ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከቤይሩት የተደወሉ ስልኮች ነበሩ፤ «አላችሁ?» ከማለት ሌላ ቃል ያልወጣቸውን ልጆች ድምፅ እኔም ሰምቻለሁ። ዝምታ ከአንደኛው ወገን ብቻ ሲታይ ሁልጊዜ መረሳት ይመስላል። እኅትሽ በዚያን ጊዜ በእናንተ ላይ ያልፈረደችውን ያህል አንቺም ዛሬ በእርስዋ ላይ አትፍረጂ።

የሰው ቤት የምትሠራ ሴት ስልኳን እንደ ፈለገች የማትይዝባቸው ብዙ ምክንያቶች አሉ። አሠሪዎች ስልክ በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚፈቅዱበት ቤት አለ። በረመዳን ወር ሌሊቱ ከቀኑ ይልቅ ሥራ የሚበዛበት ስለሆነ ከመግሪብ፣ ጾሙ ከሚፈታበት ምሽት፣ እስከ ሱሑር፣ ከንጋት በፊት እስከሚበላው ምግብ፣ ወጥ ቤት የምትቆም ልጅ፣ ቤቱ ሲተኛ እርስዋም እንደ ወደቀች ታንቀላፋለች። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን እኔ የምፈራው ሌላውን ምክንያት ነው፤ እርሱም ኀፍረት ነው። ደመወዟ ዘግይቶባት ወይም ታምማ ብር ያልላከች ልጅ «ብሩ ደረሰ ወይ?» የምትልበት ነገር ስለሌላት ስልኩን አንሥታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሳይታወቃችሁ የእናንተና የእርስዋ ጭውውት በብር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ብሩ ሲቀር ድምፅዋም አብሮ ይቀራል። ይህን ስል ልወቅስሽ አይደለም፤ ወደ ዐረብ አገር ሰው በላከ ቤት ሁሉ ቀስ በቀስ የሚገባ ነገር ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 ላይ በሰው ቤት የምታገለግል፣ ከአገሯ የራቀች አንዲት ሴት አለች፤ አጋር ናት። እመቤቷ ስላስጨነቀቻት ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። የእግዚአብሔር መልአክ በውኃ ምንጭ አጠገብ ሲያገኛት በስሟ ጠራትና «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?» ብሎ ጠየቃት። በዚያ ታሪክ ውስጥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አብርሃምም ሦራም ለአጋር አንድ ቃል ሲናገሯት አናነብም፤ ስለ እርስዋ ይነጋገራሉ እንጂ እርስዋን አይጠይቁም። የጠየቃት ከሰማይ የመጣው ነው። እርስዋም የተናገራትን እግዚአብሔርን «ኤልሮኢ» ብላ ጠራችው፤ የሚያየኝ አምላክ ማለቷ ነው። ብዙ ሰው ይህን ምዕራፍ ይዞ መልአኩ ወደ እመቤቷ እንድትመለስ እንዳዘዛት በመጥቀስ የተበደለችን ሴት «ቻዪው» ሲል እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 21 አጋር ከዚያ ቤት ወጥታ ከልጇ ጋር በምድረ በዳ ውኃ ባለቀባት ጊዜ እግዚአብሔር ዓይኗን ከፍቶ የውኃ ጕድጓድ እንዳሳያት ይነግረናል፤ ስለዚህ ከቤቱ ስትወጣም አልተዋትም። እኅትሽ አንድ ቀን የሚደርስባትን በደል ብትነግርሽ «እግዚአብሔር ያየዋል፣ ታገሺ» ብለሽ ዝም እንዳታሰኛት አደራ። ማየቱንስ ያያል፤ ያየውን ላንቺ ያሳየሽ ግን አንድ ነገር እንድታደርጊ ነው።

እንግዲህ ከአጋር ታሪክ አንቺ የምትወስጂው ጥያቄውን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል፣ ወይም ሳትደውል በፊት በኢሞ የድምፅ መልእክት ስትልኪላት፣ ስለ ብሩ አንድም ቃል አታንሺ። እናትሽንም እንዲሁ እንዲያደርጉ ለምኛቸው። «ደኅና ነሽ?» ብለሽም አትጠይቂያት፤ ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ «ደኅና ነኝ» ነውና በሩ ወዲያው ይዘጋል። ይልቁንስ የምትተኚበት ክፍል መስኮት አለው ወይ፣ ጠዋት መጀመሪያ የምትሠሪው ሥራ ምንድን ነው፣ እግርሽ እንዴት ሆነ፣ ማንን ታዋሪያለሽ ብለሽ ጠይቂያት። ወዲያው ባትመልስ አትዘኚ። በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ እኅትሽ ስድስት ዓመት ሙሉ ደወል ሳትሰማ፣ ጠበል ሳትጠጣ፣ ፋሲካን ከሰው ጋር ሳትፈታ ኖራለች። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ስልክሽን ይዘሽ ከቅጽሩ ውጭ ቁሚና የቅዳሴውን ዜማ ጥቂት ቀድተሽ ላኪላት። የጾሙን መግቢያ ቀን አስቀድመሽ ንገሪያት፤ እንደ ዐቢይ ጾም ያሉት አጽዋማት ከዓመት ዓመት ስለሚዘዋወሩ ብቻዋን የምትጾም ሴት መቼ እንደሚገቡ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። መስከረም 21 መንገደኛው ሁሉ ወደ ግሸን ሲያልፍ አብራችሁ የሄዳችሁበትን ዓመት አንሥተሽላት፣ ገደሉን ስትወጡ ማን እንደ ደከመና ማን ማንን እንደ ደገፈ አስታውሻት። እነዚህን ስትሰማ ልታለቅስ ትችላለች፤ ታልቅስ።

ሪያድና ደሴ በሰዓት አይለያዩም፤ እዚህ ሌሊት 5 ሰዓት ሲሆን እዚያም ሌሊት 5 ሰዓት ነው። ሥራዋን ጨርሳ ወደ መኝታዋ የምትሄድበትን ሰዓት ጠይቂያትና በዚያች ሰዓት ሁለታችሁም አባታችን ሆይን ድገሙ። ረጅም ጸሎት አይሁን፤ ደክሟት የምትተኛን ልጅ በረጅም ጸሎት አታሳቅቂያት። አንዳንድ ሌሊት ሳትደግም ትተኛለች፤ ያን ሌሊት ስለ ሁለታችሁ አንቺ ትደግሚዋለሽ። ቤተ ክርስቲያናችን በሩቅ ያሉትን የምታስብበት የራስዋ ጸሎት እንዳላትም እወቂ፤ ከመስተብቍዓቱ፣ ከምልጃ ጸሎቶቹ፣ አንዱ ስለ ነጋድያን፣ ማለትም ስለ መንገደኞች የሚጸለይ ነው። ዲያቆኑና ካህኑ ይህን ሲያደርሱ ከሕዝቡ መካከል ቆመሽ እኅትሽን በክርስትና ስሟ አስቢያት። ያን ጊዜ የምትለምኚው ብቻሽን አይደለም፤ አጠገብሽ የቆሙት የማያውቋት ሰዎች ሁሉ ስለ እርስዋ «አቤቱ ይቅር በለን» እያሉ ነው።

ማተቧን በተመለከተ አጭር መልስ እሰጥሻለሁ። ፈትታ ለአንቺ የሰጠችው ሃይማኖቷን ስለ ተወች አይደለም፤ እንደ ካደች ቆጥረሽ መጨነቅሽን አቁሚ። ጥምቀቷ በአንገቷ ክር ላይ አልታሰረም። «እስክመለስ ያዥልኝ» ያለች ሴት መመለስን እያሰበች ነው የሄደችው። ከዚህ በላይ የሚከብድሽ ነገር ካለ ለንስሓ አባትሽ ንገሪያቸው፤ እኔ ከእርሳቸው የተሻለ ልነግርሽ አልችልም።

በደብዳቤሽ መካከል ልጃቸው ጅዳ ስለምትኖር አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችሁ ጽፈሻል፤ ማታ ማታ ለብቻቸው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው እንደምታያቸው። ለምን አብረሻቸው አትቀመጪም? ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 12 ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ሲል፣ በአንድ ደጀ ሰላም ከሚሳለሙት ጋር ብቻ አላለም። ወሎ ለእንዲህ ያለው ነገር የታደለ አገር ነው፤ አንቺ በጸሎትሽ ልጃቸውን ትጠሪያታለሽ፣ እርሳቸውም በዱዓቸው እኅትሽን ይጠሯታል፤ ቡናው ተፈልቶ እስኪወርድም «አብሽሪ» የሚልሽ ሰው አጠገብሽ ይኖራል። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዲትን ልጅ እየናፈቁ፣ አንዱ ሌላውን ላለማስለቀስ ብለው ስሟን ሳያነሡ መኖራቸው ይከብዳል፤ ከደብዳቤሽ እንደ ተረዳሁት አንቺና እናትሽ እንደዚያ ናችሁ።

ዝምታዋ ከተለመደው ካለፈ ደግሞ መጸለይሽን ሳታቆሚ መጠየቅ ጀምሪ። የሙሴ እኅት ታናሽ ወንድሟ በቅርጫት ሆኖ ወንዝ ዳር በተቀመጠ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ በሩቅ ቆማ ትመለከት ነበር። ቅርጫቱን ልታወጣው አልቻለችም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ወደ ፈርዖን ልጅ ቀርባ የሚያስፈልገውን ተናገረች። አንቺም የፓስፖርት ቍጥሯን፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቍጥሯን፣ የአሠሪዋን ስምና ስልክ፣ የሰፈሩን ስምና የላካትን ኤጀንሲ ማንነት ከአሁኑ በወረቀት ጽፈሽ አስቀምጪ። የሌለሽን እየደወለች ሳለ ጠይቂያት፤ ስትጠፋ ማን ይነግርሻል? ያን ጊዜ በሪያድ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲም ሆነ በጅዳ ያለው ቆንስላ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው።

አሁን ወደዚያች መስመር ልመለስ። በባቲ በኩል ማለት በሚሌ አድርጎ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ደግሞ በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር ማለት ነው። በዚህ መንገድ በውኃ ጥም የወደቁ፣ ባሕር የበላቸው፣ ለማስለቀቂያ ገንዘብ የታገቱ፣ ድንበሩ ላይ የተመቱ የወሎ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እዚያ ከደረሱት መካከልም ፈቃድ የሌላቸው በእስር ቤት ከርመው ይመለሳሉ። በ2006 ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ100 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከአካባቢያችን የሄዱ ጥቂቶች አልነበሩም፤ ባዶ እጃቸውን ከአውሮፕላን የወረዱትን እናስታውሳቸዋለን። ደላላው ይህን አይነግርሽም። አንድ ሌላ ነገርም አይነግርሽም፤ ሪያድ ብትደርሺ እንኳ ወደ እኅትሽ አትደርሺም። ወደ ሌላ ሰው ቤት ትገቢያለሽ፤ በርሽ የሚከፈተው በአሠሪሽ ፈቃድ ነው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ለመተያየት ዓመት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። እናትሽ ደግሞ አሁን ስለ አንዲት ልጅ የሚያነቡትን ዳዊት ስለ ሁለት ሊያነቡት ነው።

ናፍቆት ሰውን ወደዚህ ሊገፋው እንደሚችል አውቃለሁና አልቆጣሽም። ነገር ግን ለእኅትሽ አልነገርሻትም፤ ያልነገርሻትም የምትመልስልሽን ስለምታውቂ ይመስለኛል። ማተቧን ለአንቺ ትታ የሄደችው አንቺ እዚህ ትቀሪያለሽ ብላ ነው። ለደላላው ምንም ገንዘብ አትክፈዪ፣ መታወቂያሽንም አትስጪው፤ ዛሬ ማታ የምትልኪላት የድምፅ መልእክት ስለዚህ ነገር ይሁን፤ የእርስዋን ድምፅ ሳትሰሚ መልስ አትስጪው።